የእድር ድስትና የእኔ ሞጁል

«ሥራህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሐኪም «ሐኪም ነኝ» ይላል፣ ባስ የሚነዳ «ባስ እነዳለሁ» ይላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔን ግን ጋሼ ተሰማ ለንደን ባተርሲ ባለው ሳሎናቸው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጠው ሲጠይቁኝ ላብ አጠመቀኝ። ለወሬ ያህል እንዳልጠየቁኝ አውቃለሁ። ልጃቸውን ሒሩትን እንደምወዳት ያውቃሉ፤ እንደሚያውቁ አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ያውቃሉ። ሆኖም ስለዚህ ነገር በመካከላችን አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም። በእኛ ደንብ ይህን የሚያነሳው ሽማግሌ ነው እንጂ ባለጉዳዩ አይደለም። ባለጉዳዩ ሻዩን ጠጥቶ፣ ለተጠየቀው መልሶ፣ ጫማውን አጥልቆ ይሄዳል።

«ጠዋት ጠዋት ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ነኝ» አልኳቸው። «ከሰዓት ደግሞ ዌብሳይት እሠራለሁ።»

«ሳንድዊቹ ገብቶኛል። ሌላውን አስረዳኝ።»

«ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ነገር ነው ጋሼ። በፒኤችፒ ነው የምጽፈው። ፒኤችፒ ማለት ኮምፒዩተሩን የምናዝበት ቋንቋ ነው።»

«በእጅ ይያዛል?»

«አይያዝም።»

«በዓይን ይታያል?»

«ደህና ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም። የሚታየው ሲበላሽ ነው።»

ጋሼ ተሰማ ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ዘነቡ ዞር ብለው፣ «ሳንድዊቹን እንዳይለቅ ንገሪው» አሉ።

ሒሩት እዚሁ ለንደን ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ግን መሃል መንገድ ላይ ወርዶ ሌላ ባስ ይይዛል። ሊፍቱ እኔ ያንን ቤት ካወቅሁ ጀምሮ የተበላሸ ስለሆነ ደረጃውን በእግር ስትሸኘኝ፣ «አባዬ በወሬ አይገባውም» አለችኝ። «ሾው አድርገው። የእድሩን ዌብሳይት ሥራለት፣ ዘን ሂ ዊል ጌት ኢት።»

ስለ እድሩ ትንሽ ላውራ፤ ያለሱ ጨዋታው አይገባም። ድሮ እዚያ አካባቢ ያለን አበሾች በሙሉ አንድ እድር ነበርን። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ግን፣ ያኔ ያልተጣላ ማን ነበር፣ ከአንድ ሰላማዊ ሰልፍ ሲመለሱ ባስ ላይ የተጀመረ ክርክር እድሩን ለሁለት ከፈለው። ማን ምን እንዳለ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ማን እንዳኮረፈ ግን ሁሉም ያስታውሳል። ግማሹ በጋሼ ተሰማ ሊቀመንበርነት የባተርሲ እድር ሆነ። ግማሹ በአብሮ አደጋቸው በጋሽ በላይ ሊቀመንበርነት የኬኒንግተን እድር ተባለ። ንብረትም ተካፈሉ። እንዴት አድርገው ተካፈሉ ብትሉ፣ ባተርሲዎቹ ትልልቆቹን ድስቶች ወሰዱ፣ ኬኒንግተኖቹ ክዳኖቹን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ የባተርሲ ወጥ በፎይል ተሸፍኖ ነው ለቅሶ የሚሄደው። የኬኒንግተን ክዳኖች ምን ሲከድኑ እንደኖሩ እግዜር ይወቀው። ሁለቱ ሊቀመንበሮችም፣ አንድ መንደር አፈር ፈጭተው ውሃ ተራጭተው ያደጉ ሰዎች፣ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ የሱቅ መስኮት ማየት ይጀምራል።

እንግዲህ የባተርሲን ዌብሳይት ሠራሁ። ፒኤችፒን ከላይብረሪ በተዋስኩት መጽሐፍ ነው የተማርኩት፤ መጽሐፉን መልስ እያሉ ሲጽፉልኝ መጨረሻው ምዕራፍ አልደረስኩም ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ነገር፣ የአባላቱን መዝገብ፣ ማስታወቂያውን፣ የስልክ መልእክቱን፣ ፎቶውን፣ በአንድ ፋይል ውስጥ አጨቅኩት። እዚህ ስነካው እዚያ ይጮሃል። አንድ ቀን የሊቀመንበሩን ፎቶ ላስተካክል ብዬ የአባላቱን ስም በሙሉ ገለበጥኩት፤ ሰው ሁሉ በአባቱ ስም ተጠራ። ለግማሽ ቀን ባተርሲ ውስጥ የነበሩት የሞቱ አባቶች ብቻ ናቸው።

ዜናው ኬኒንግተን ሲደርስ ጋሽ በላይ በሰው አስጠሩኝ። አንድ ካፌ ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ጠበቁኝ።

«የነሱን ዓይነት ሥራልን» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን የነሱን እንዳይመስል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ከነሱም እንዳያንስ።»

«እሺ።»

«እነሱም እንዳይሰሙ።»

ያን ፋይል ሁለተኛ ከመጻፍ የፓርክ ሮያሉ ፍሪጅ ውስጥ ቢቆለፍብኝ ይሻለኝ ነበር። ያዳነኝ ፍሬምወርክ የሚባል ነገር ነው። ፍሬምወርክ ማለት ምሰሶውና ጣሪያው አስቀድሞ ቆሞ፣ ክፍል ክፍሉን ብቻ እኛ የምናደራጅበት ቤት ማለት ነው። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ክፍል ይኖረዋል፣ ክፍሉም ሞጁል ይባላል። መዝገቡ ለብቻው፣ ጥሪው ለብቻው፣ ቀን መቁጠሪያው ለብቻው። አንዴ በወጉ የተሠራ ሞጁል ከአንዱ ቤት ተነስቶ ሌላ ቤት ሄዶ ያገለግላል። እናም ያን የተጨማለቀ ፋይል በታትኜ በሞጁል አደራጀሁና ለሁለቱም እድሮች አንድ ዓይነት ሰጠኋቸው። የባተርሲን አረንጓዴ፣ የኬኒንግተንን ሰማያዊ ቀባሁት። ሁለቱም «የኛ ይበልጣል» አሉ። የአባላቱን ስልክ ግን፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የሁለቱንም እድር በአንድ ቋት ውስጥ አስቀመጥኩትና መሃሉን በስስ መጋረጃ ከለልኩት።

ይህን ሞጁል የሚሉትን ነገር ለጋሼ ተሰማ ላስረዳ ብዙ ደከምኩ። በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ የእድሩን ድስት ሲያጥቡ አየሁና ብርሃን ወጣልኝ።

«ጋሼ፣ ይህ ድስት የለቅሶ ነው የሠርግ?»

«የእድር ነዋ! ለለቅሶም ይወጣል፣ ለሠርግም ይወጣል። ለየአንዳንዱ ሌላ ድስት እንገዛለን እንዴ?»

«ሞጁል ማለት ይኸው ነው። አንዴ ይሠራል፣ ለሁሉም ይወጣል።»

ጋሼ ተሰማ ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ድስቱን አዩ። «ታዲያ ይህን የመሰለ ቁም ነገር እየሠራህ ለምን ሳንድዊች ትላለህ?» አሉ። ስወጣ እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው፣ «ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ነን፤ የትም አንሄድም» አሉኝ። ይህን ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ይህ የቤት ፕሮግራም ነው። ለሚያውቅ ግን «ሽማግሌህን ላክ» ማለት ነው። አራት ፎቅ ደረጃ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ፣ መሪያቸው ጋሽ ደምሴ። ጉዳዩን ቀደም ብዬ በአካል ሄጄ ነግሬያቸው ተስማምተዋል፤ የቀረው ቀኑን ማሳወቅ ብቻ ነው። ይኸውም በስልክ የሚሆን ነበር፣ ግን ለሽማግሌ ደውሎ ቀን መንገር የት ይገኛል? መጀመሪያ ሰላምታ አለ። ከሰላምታው በኋላ የጉልበት ሕመም አለ። ከጉልበቱ በኋላ የእህታቸው ልጅ ቪዛ አለ፣ ከቪዛው በኋላ «አንተስ መቼ ነው ሰው የምትሆነው» አለ። ለሦስት ሽማግሌ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል። እኔ ዓርብ ፓርክ ሮያል ሙሉ ቀን ስለተመደብኩ የነበረኝ የምሳ ሰዓት ሠላሳ ደቂቃ ነው። ታዲያ የሁለት እድር አባላትን በአንድ ቁልፍ የሚጠራ ሞጁል በእጄ እያለ ምን አስጨነቀኝ?

እዚህ ላይ ስለ ጥሪው ሞጁል ሦስት ነገሮች ልንገራችሁ፤ ሦስቱንም በጥሩ ልብ ነው የጻፍኳቸው። አንደኛ፣ እድር የቆመው ለለቅሶ ስለሆነ፣ ሞጁሉ የማያውቀው የጥሪ ዓይነት ከመጣ «ለቅሶ ነው» ብሎ እንዲይዝ አዝዤዋለሁ። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ አንዲት እናት ሳይጠሩ ቀርተው ጋሽ በላይ «በለቅሶ ሰው አይቀርም!» ብለው ስለተቆጡኝ፣ የማያውቀው ቡድን ከተጠራ ቋቱ ውስጥ ያለውን ሰው በሙሉ እንዲጠራ አድርጌዋለሁ። ሦስተኛ፣ ሰው የገዛ መርዶውን ከስልክ ላይ ማንበብ ነውር ነውና፣ ሀዘኑ የደረሰበት ቤት መልእክቱ ከቶ እንዳይላክ ከልክያለሁ። ይህች ሦስተኛዋ የምኮራባት ናት።

አንድ እጄ ሳንድዊች ይዟል፣ አንድ እጄ ይጽፋል። የጥሪው ዓይነት፣ ሽምግልና። የሚጠሩት፣ ሽማግሌዎች። ቤቱ፣ የአቶ ተሰማ። ቀኑ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በዘጠኝ። ላክ የሚለውን ተጫንኩ። «ተልኳል» አለኝ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እኔ ግን የነከስኩት ዳቦ ስለነበር አላወቅኩም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይገባም፤ ራቅ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ከሕንፃው ፊት ለፊት ባስ ማቆሚያው ላይ ተቀመጥኩ። የመጡትን ባሶች ሁሉ «አልሄድም» እያልኩ በእጄ ስመልስ ጋሽ ደምሴ ከሁለቱ ጓደኞቻቸው ጋር ደረሱ። ሦስቱም ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ክብር ነው፣ አልኩ በልቤ። ፊታቸው ኮስተር ብሏል። ቁም ነገር ስለያዙ ነው፣ አልኩ።

የሚቀጥለው ባስ ቆሞ ሰባት እናቶች አወረደ፣ ነጠላቸውን ለሀዘን አዘቅዝቀው። ከሱ ኋላ የመጣው አንድ ደርዘን ሰው አወረደ። ቀጥሎ ቫን ቆሞ ታጣፊ ወንበሮች መውረድ ጀመሩ። ከቫኑ ኋላ፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፣ ጋሽ በላይ የኬኒንግተንን ሰዎች አስከትለው ብቅ አሉ።

ያን ጊዜ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ካልጠፋ ቀን ዛሬ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሌላ አበሻ ቤት ሰው ሞተ ብዬ አዘንኩ። ማንነቱን ሳላውቅ ነፍስ ይማር አልኩ። ለቅሶው ሽምግልናዬን እንዳያውክብኝም ትንሽ ተቆጣሁ። እንዲያውም አንዲት ትልቅ ሳህን ይዘው ደረጃው የከበዳቸውን እናት ተነስቼ እስከ በሩ አግዣቸዋለሁ።

ወደ ባስ ማቆሚያዬ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። ሒሩት ናት፣ በሹክሹክታ።

«የት ነህ? ሳሎናችን ውስጥ ስልሳ ሰው አለ!»

«ስንት?»

«ስልሳ! ኦል ኢን ብላክ! አባዬ ሱፍ ለብሶ መሃላቸው ተቀምጧል፣ ማንም አያወራም! እማዬን 'ልጁ ስንት ሽማግሌ ነው የላከው' ይላታል! ዱ ሳምቲንግ!»

አራቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጣሁ። ሒሩት በሩን በእጇ ደግፋ ስባ ወደ ማዕድ ቤት አስገባችኝ። ማዕድ ቤቱ ሰው መቆሚያ የለውም፤ ከኬኒንግተን የመጡ እናቶች ክዳኖቻቸውን ይዘው መጥተው የባተርሲን ድስቶች እየከደኑ ነው። ልክ በልኩ ነው የገጠመው። ማንም ግን ማንንም አላናገረም፣ ለቅሶ ቤት ነዋ። ሒሩት ከአንዷ እናት የተዋሰችውን ስልክ አፍንጫዬ ስር ደቀነችው።

«በአቶ ተሰማ ቤት ከባድ ሀዘን ስለደረሰ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት በመኖሪያ ቤታቸው ተገኝተን እንድናጽናና በአክብሮት እናሳስባለን።»

ለላኪው ስለማይልክ እኔ ጋ አልደረሰም ነበር። ከራስ እስከ እግሩ ለለቅሶ ጥሪ የጻፍኩት የኔው አረፍተ ነገር ነው፤ ሞጁሉ ሽምግልና የሚባል ጥሪም ሽማግሌዎች የሚባል ቡድንም አያውቅም።

«ይሄን ነገር ቴስት አድርገኸው ነበር?» አለችኝ።

«አሁን እየተደረገ ነው።»

«ለአባዬ 'ድስቱ አንድ ነው' አላልክም? ድስት እኮ ከለቅሶ ወደ ሠርግ ሲሄድ መሃል ላይ ይታጠባል! ያንተ ሞጁል የትላንቱን ወጥ እንደያዘ ነው የወጣው!»

እውነቷን ነው። ብዙ ዓመት ፕሮግራም የጻፉ ሰዎች ያላስተማሩኝን በአንድ ድስት አስተማረችኝ። ግን ለማመስገን ጊዜ አልነበረም። ማንም ደውሎ ያላጣራው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ጋሼ ተሰማን ደፍሮ የሚጠይቅ የለም፣ ምናልባት ገና አልተረዱ እንደሆነስ? ስለዚህ እርስ በርስ ነው የተደዋወሉት። አንዱ «ማን ይሆን?» ሲል ሌላው «አገር ቤት አንዲት እናት አሏቸው» አለ፣ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ እናቲቱ፣ እማማ ጥሩነሽ፣ ደብረ ብርሃን ተቀብረው አፈር ለብሰዋል። ጋሽ ደምሴም ሽምግልናው በሀዘኑ ምክንያት እንደቀረ፣ እኔም ይህንኑ እንዳሳወቅኳቸው ነው የተረዱት። እንዲያውም ጨዋነቴን አድንቀዋል።

ሳሎኑ ውስጥ የጋሽ ደምሴ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ተሰማ ሽምግልና ሊሰሙ ኮታቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። «ተመካክረን እንመልስላችሁ» የሚለውን የደንቡን መልስ ሳምንት ሙሉ መስተዋት ፊት ተለማምደውታል፤ ሒሩት ናት የነገረችኝ።

«አቶ ተሰማ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ቆመው። «ሰው ሆኖ የማያልፍ የለም። ልብዎን ጠንከር ያድርጉ።»

ጋሼ ተሰማ ሰውን ሁሉ በዓይናቸው ዞሩት። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። ጥቁሩን ኮት አዩ። ጋሽ በላይን፣ ስንት ዓመት ደጃቸውን ረግጠው የማያውቁትን ሰው፣ ጥግ ላይ አቀርቅረው ተቀምጠው አዩ። ያን ጊዜ ገባቸው።

«እማዬ!» አሉ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ትልቅ ሰውዬ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እትዬ ዘነቡ ጮሁ። ሳሎኑ ተቀበላቸው። እኔ ሰዉን እየገፋሁ መሃል ገባሁ።

«ማንም አልሞተም! እማማ ጥሩነሽ ደህና ናቸው!»

ስለ መርዶ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለሀዘንተኛ መጀመሪያ የሚነገረው ውሸት ነው። «ትንሽ አሟቸው ነው» ይባላል፣ «ደህና ናቸው» ይባላል። ስለዚህ «ደህና ናቸው» ብዬ ስጮህ ገና የተጠራጠረውም ሰው አመነ። አንዲት እናት እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ቀስ አድርጎ ነው የሚያረዳቸው» አሉ።

«የሞጁሉ ጥፋት ነው! ሞጁሉ ነው ይህን ያደረገው!»

«ሞጁል የሚሉት ማነው?» አሉ ሌላዋ። «እሱ ነው የገደላቸው?»

«ይደወል!» አለች ሒሩት ከኋላዬ። «አባዬ፣ ጀስት ደውልላት!»

ስልኩ ለጋሼ ተሰማ ተሰጣቸው። ይዘው ቀሩ። ኋላ እትዬ ዘነቡ እንዳጫወቱኝ፣ ጋሼ ተሰማ ለእናታቸው ከደወሉ ዓመት አልፏል። በየዓመቱ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ይሏቸው ነበር። ሰላማዊ ሰልፍ ላይ በየጊዜው ከወጡ በኋላ መሄድ ፈሩ፣ ፈራሁ ማለትን ደግሞ አፈሩ፣ ቀስ በቀስ ስልኩን ለባለቤታቸው ተዉት። አሁን ቆመው ሲያለቅሱ ያለቀሱት ለሞቱ ብቻ አልነበረም። ሒሩትን ባጣት ይሻለኛል ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ቁጥሩ... ቁጥሩ ጠፋኝ» አሉ።

ጋሽ በላይ ከጥጋቸው ተነሱ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ስልኩን ከጋሼ ተሰማ እጅ በቀስታ ተቀብለው አስቀመጡና፣ በገዛ ስልካቸው ወረቀት ሳያዩ ቁጥሩን መቱት።

«እንዴት በቃልህ ያዝከው?» አሉ ጋሼ ተሰማ።

«በየበዓሉ እደውልላቸዋለሁ» አሉ ጋሽ በላይ፣ ወደ ሌላ እያዩ። «ምን ላድርግ? ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

ስልኩ ጠራ። ሁሉም ይሰማ ብላ ሒሩት ድምፁን ከፈተችው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ስልሳ ሰው ትንፋሹን ይዟል። ከዚያ አንድ ኃይለኛ ድምፅ «አቤት! ማነው? በላይ ነህ?» አለ።

«እማዬ» አሉ ጋሼ ተሰማ። «እኔ ነኝ። ተሰማ ነኝ።»

ቀጥሎ በድንጋጤ፣ «ተሰማ? ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

ሳሎኑ አለቀሰም ሳቀም። የቱ እንደቀደመ አላውቅም። ጋሼ ተሰማ ፊታቸውን በእጃቸው ይዘው «ማንም አልሞተም እማዬ፣ ማንም» ይላሉ።

«ይህ የበላይ ስልክ አይደለም? አብራችሁ ናችሁ እንዴ? ተጣሉ ሲሉኝ አልነበረም?»

ሁለቱ ሊቀመንበሮች ተያዩ።

«መቼ ተጣላን!» አሉ፣ ሁለቱም እኩል።

«እሰይ። ታዲያ ይህ የምሰማው የሰው ጫጫታ ምንድን ነው?»

ጋሼ ተሰማ ዙሪያውን አዩ። ለቀስተኞችሽ ናቸው ማለት አይቻልም። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፣ ብዙ ቆየ። ያለፈውን ሁሉ፣ ሳንድዊቹንም፣ ድስቱንም፣ አሁን ያደረስኩባቸውንም ሲመዝኑ ይታየኛል።

«ሽማግሌዎች ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «ሒሩትን ሊጠይቁ የመጡ።»

«ስንት ናቸው?»

«ስልሳ ይሆናሉ።»

«ስልሳ ሽማግሌ!» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «አባትህ እኔን ለማግባት ሁለት ነው የላከ፣ አንደኛው መንገድ ላይ ጠጅ ቤት ቀርቶ። ስልሳ ሰው ልኮብህ ምን ትቀመጣለህ? ስጥ እንጂ! ደግሞ ጮክ በል፣ እኔም ልስማ።»

ሳምንት የተለማመዱት የቀጠሮ መልስ ከአፋቸው ሲመለስ አየሁት።

«ሰጥቻለሁ» አሉ ጋሼ ተሰማ፣ ጮክ ብለው።

ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ እልልታ ያቀለጡ እናቶች አይቼ አላውቅም። ከእልልታው መሃል ነው አንዳንዶቹ ትዝ ብሏቸው ነጠላቸውን ያገላበጡት። ጋሽ ደምሴ ባልተናገሩት ንግግር ተመስግነው፣ እጅ እየተጨበጡ፣ ምንም ሳይገባቸው ተቀመጡ።

«ልጁን ስጡኝ» አለ ስልኩ። ሒሩት አቀበለችኝ።

«ልጄ፣ ስልሳ ሰው ና ስትለው የሚመጣልህ ከሆነ ትልቅ ሰው ነህ» አሉኝ እማማ ጥሩነሽ። «አንድ ነገር ልዘዝህ። እኔ ስጠራው ስንት ዘመኔ፣ አልመጣልኝም። ይህን ልጄን ይዘህልኝ ና።»

«እሺ እማማ» አልኩ። ጋሼ ተሰማ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ደግነቱ ለዚህ ሥራ ሞጁል አያስፈልግም፣ የሚጎትት እጅ ነው የሚያስፈልገው። ከሠርጋችን በኋላ በመጣው ፋሲካ ሒሩትና እኔ ጋሼ ተሰማን ግራና ቀኝ ይዘን፣ እትዬ ዘነቡ ከፊት፣ ጋሽ በላይ ሻንጣ እየጎተቱ ከኋላ፣ ደብረ ብርሃን ገባን። እማማ ጥሩነሽ ከደጅ ቆመው ነበር። ልጃቸውን አቀፉ፣ እንደገና አቀፉ፣ ሁለቱም አልቅሰው ደከሙ። ከዚያ እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና በልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው መንገዱን እስከ መጨረሻው አዩት።

«የቀሩትስ ሽማግሌዎች?» አሉኝ። «ለስልሳ ሰው ነው ያዘጋጀሁት።»